አፍ ከመፍታት በፊት

ልጄ የዘጠኝ ወር ክትባቷ በደረሰ ጊዜ እዚሁ ደብረ ብርሃን ወዳለ አንድ ጤና ተቋም ይዣት ሄድኩ። ክትባቱን የሰጣት ወጣት ባለሙያ ካርዷን እየሞላ ሁለት ነገር ጠየቀኝ። መጀመሪያ «ትድሃለች?» አለኝ፤ ቀጥሎም «በቀን ምን ያህል ጊዜ ቁጭ ብለሽ ታዋሪያታለሽ?» አለኝ። መዳህ እንዳልጀመረች፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል አማቴ አዝለዋት እንደሚውሉ፣ እኔም ከሥራ ስመለስ የማጀቱ ነገር ስለሚይዘኝ ለብቻዋ ቁጭ ብዬ የማዋራበት ጊዜ ብዙ እንዳልሆነ ሳልደብቅ ነገርኩት። ፊቱ ጠቆር አለ። «ብዙ የታዘለ ልጅ ይዘገያል፤ ካላዋራሻትም አፏን በጊዜ አትፈታም» ብሎ አሰናበተኝ።

ቤት ደርሼ የተባልኩትን ስነግራቸው አማቴ አልተቆጡም። ከመሐል ሜዳ ወዲያ ካለ የመንዝ ገጠር አራስ ሊጠይቁ መጥተው ለልጅቷ ሲሉ በዚያው የቀሩ ሴት ናቸው። «ስድስት አዝያለሁ፤ ታዝሎ የቀረ የለም» አሉና ቡናቸውን መውቀጥ ቀጠሉ። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። በተማሪነቴ ስለ ሕፃናት ቋንቋ የተጻፉ ጥናቶችን አንብቤ ስለነበር፣ እነዚያንና ከዚያ ወዲህ የወጡትን አንድ ባንድ ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር ለባለሙያውም ሆነ ለአማቴ ሙሉ በሙሉ የሚፈርድ አልሆነም።

የመዳሁን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤነኛ ሕፃናትን አስከትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት፣ ከልጆቹ 4.3 በመቶ ያህሉ በእጅና በጉልበታቸው ጨርሶ ሳይድሁ ወደ መራመድ አልፈዋል፤ ያለ ድጋፍ መራመድ የሚጀመርበት ጊዜም ከ8.2 ወር እስከ 17.6 ወር የሚዘልቅ ሰፊ ጊዜ ነው። ቻርልስ ሱፐር ደግሞ በኬንያ የኪፕሲጊስ ማኅበረሰብን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ሥራ፣ ልጆቹ ከአሜሪካውያን እኩዮቻቸው ቀድመው የሚቀመጡትና የሚራመዱት ወላጆቻቸው ሆን ብለው ስለሚያለማምዷቸው እንደሆነ፣ ማንም በማያለማምዳቸው በመዳህ ግን እንደማይቀድሙ አሳይቷል። ይህን ሳነብ አማቴ ትዝ አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሞቅ ሲል ልጅቷን ከአንቀልባው አውርደው፣ ብብቷን ይዘው ጭናቸው ላይ እያቆሙ «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» ይሏታል፤ ቤተኛው ሁሉ ያጨበጭባል። (ወንድ ልጅም ቢሆን በዚሁ «ቆመች» ነው የሚሞገሰው፤ የአማርኛ ፍቅር ጾታ ሲያቀያይር ደስ ይለዋል።) ለመዳህ የሚያጨበጭብ ግን በእኛ ቤት የለም፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር በሚያልፍ ከተማ ልጁን በቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ለቅቆ የሚያስድህም ብዙ አይገኝም።

የንግግሩ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። «ልጅሽን አዋሪያት» የሚለው ምክር በዓለም ዙሪያ እንዲሰራጭ ብዙ አስተዋጽኦ ያደረገው ቤቲ ሃርትና ቶድ ሪዝሊ በካንሳስ 42 ቤተሰቦችን ለረጅም ጊዜ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። የተማሩና ባለሙያ የሆኑ ወላጆች ልጆች በመንግሥት ድጎማ ከሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆች ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 30 ሚሊዮን ያህል ተጨማሪ ቃላት ይሰማሉ ብለው አሰሉ። ይህ ቁጥር ከዚያ በኋላ እንደ ሃይማኖት ቃል ሲደጋገም ኖሯል። ዳግላስ ስፔሪና ባልደረቦቹ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በልጁ ዙሪያ ያሉት ሰዎች ሁሉ የሚናገሩትና ልጁ በአጠገቡ ሲነገር የሚሰማው አብሮ ሲቆጠር ሥዕሉ እንደሚለወጥ ተከራክረዋል። የባለሙያው ጥያቄ «ታዋሪያታለሽ» የሚል እንደነበር ያስተዋልኩት ይህን ሳነብ ነው። ጥያቄው ገና ሲጀመር አንዲት እናትና አንድ ልጅ ብቻ ያሉበትን ክፍል አስቦ የተሠራ ነው።

በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ክፍል የለም። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ልጅቷ በአማቴ ጀርባ ላይ ሆና አገጯን ትከሻቸው ላይ ታሳርፋለች፤ እሳቸው ሲናገሩ ድምፁ በጀርባቸው በኩል ደረቷ ድረስ ይደርሳታል። ስለ ገብስ ዋጋ፣ ስለ ለቅሶ፣ ስለ ማኅበር ይወራል። ይህን ሁሉ በአማርኛ «ጨዋታ» እንለዋለን፤ የልጆች መጫወትና የአዋቂዎች ማውጋት በእኛ ዘንድ ስማቸው አንድ ነው። ሆኖም በጨዋታው ውስጥ ለእሷ ተብሎ የተነገረው ቢለካ ከሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ መሆኑን መካድ አልችልም።

ማሪሳ ካሲያስ በሜክሲኮ ተራሮች የጼልታል ማያ ሕፃናትን ቀኑን ሙሉ በድምፅ ቀድታ እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተመችው ጥናት ያጽናናኝ ለዚህ ነው። ለእነዚያ ልጆች በቀጥታ የሚነገረው በሰዓት 3.6 ደቂቃ ያህል ነው፤ ይሁንና የመጀመሪያ ቃላቸውንም ሆነ ሁለት ቃል ማጣመራቸውን በሌላው ዓለም ከሚጠበቀው ጊዜ ሳይዘገዩ ጀምረዋል። በቦሊቪያ በቺማኔ ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ለልጅ የሚነገረው በሰዓት ከአንድ ደቂቃ በታች ሆኖ ተገኝቷል። ጆሴፍ ሄንሪክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳመለከቱት፣ በሥነ ልቦና ጥናቶች ከተሳተፉት ሰዎች 96 በመቶ የሚሆኑት የዓለምን ሕዝብ 12 በመቶ ብቻ ከያዙ አገሮች የመጡ ነበሩ። በዚያ ጠባብ መስፈሪያ የመንዝን ጀርባ ሰፍሮ «ጎደለ» ማለት ችኮላ ይመስለኛል።

ነገር ግን ለአማቴ ብቻ እንዳላደላ አንድ የሚቆረቁር ጥናት አለ። አድሪያና ዋይስሌደርና አን ፈርናልድ በአሜሪካ ከሚኖሩ ስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰቦች የተወለዱ 29 ሕፃናትን በ19 ወር ዕድሜያቸው ቀድተው እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳተሙት፣ ልጆቹ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው የቃላታቸው ብዛት የተያያዘው ለእነሱ በቀጥታ ከተነገረው ጋር እንጂ በአጠገባቸው ከተወራው ጋር አልነበረም። እንግዲህ አፍ መፍታት አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ በኋላ ቃል ማካበት ሌላ ነው። ልጄ በጊዜዋ አፏን ትፈታለች የሚለው እምነቴ ባይናወጥም፣ የባለሙያውን ምክር ሙሉ በሙሉ ልጥለው አልቻልኩም።

ጀርባ ላይ ሆኖ መስማት የሚያስተምረው ነገር እንዳለም እገምታለሁ። ጃኔት ዎርከርና ሪቻርድ ቲስ እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳዩት፣ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤት የመጡ ሕፃናት ከስድስት እስከ ስምንት ወር ባለው ዕድሜ የሂንዲንና በካናዳ የሚነገረውን የቶምፕሰን ሳሊሽን ባዕድ ድምፆች ይለያሉ፤ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ወር ሲደርሱ ግን ይህ ችሎታቸው በእጅጉ ይቀንሳል። የሳሊሹ ጥንድ እንደ እኛ «ቀ» የሚፈነዱ፣ አንደኛው ግን ከሌላው ወደ ጉሮሮ ገባ ያለ ሁለት ድምፆች ናቸው። ስለዚህ የልጄ ዘጠነኛ ወር ጆሮ የቤቱን ድምፅ መርጦ የሚያስቀርበት ወቅት መካከል ላይ ነበር። አንድ ፈረንጅ በጎልማሳነቱ «ተራ»ን ከ«ጠራ» ለመለየት ሲታገል፣ ወይም ፊደላችን የማይጽፈውን የ«ገና»ን ላልቶ መነበብና ጠብቆ መነበብ ሲያምታታ ሳይ፣ ልጄ በአንቀልባ ውስጥ ዝም ብላ ምን እየሠራች እንደነበር ይገባኛል።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን ስለ ካሉሊ ሕዝብ ያነበብኩት ነው። ኤሊኖር ኦክስና ባምቢ ሺፌሊን እ.ኤ.አ. በ1984 እንደጻፉት፣ በፓፑዋ ኒው ጊኒ የሚኖሩ የካሉሊ እናቶች ጨቅላውን ፊት ለፊት አያዋሩትም፤ ፊቱን ወደ ሰዎች አዙረው ይይዙትና በቀጭን ድምፅ ስለ እሱ ሆነው ይመልሳሉ። ልጁ «እናት» እና «ጡት» የሚሉትን ሁለት ቃላት ሲል መናገር ጀመረ ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ እናቱ የሚባለውን እየተናገረች «ኤሌማ» ትለዋለች፤ «እንዲህ በል» ማለት ነው። ይህ የአማቴ ሥራ ነው! እንግዳ ሲገባ ልጅቷን ወደ እንግዳው አዙረው «ደኅና ዋሉ በይ» ይሏታል፤ ስታለቅስ «እኔ ጡቴን እንጂ ወሬያችሁን አልፈልግም ትላለች» ብለው በእሷ ስም ያወራሉ። ከካሉሊ የሚለዩት በአንድ ነገር ነው፤ ካሉሊዎች ለልጅ መኮላተፍ ይጎዳዋል ብለው ሲጠየፉት፣ አማቴ ማንንም ሳያፍሩ ይኮላተፋሉ። «በይ» ቃል ብቻ አያስተምርም። ልጅቷ ኋላ «ነይ» ብላ ስትጠራቸው ቤቱ በሳቅ ከሞላ በኋላ «ይምጡ በይ» ተብላ ታርማለች፤ ማን «አንቺ» ማን «እርስዎ» እንደሚባል የተማረችው ከዚያ ነው።

ጥፋትስ ካለ የእኔ ነበር። ቅዳሜ እንጀራ ስጋግር እንዳታስቸግረኝ ብዬ የልጆች ዘፈን የሚጫወትበትን ስልኬን ፊቷ አስቀምጥላት ነበር፤ ማዋራት የምለውም ይህን ጨምሬ ነበር። ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ሙከራ፣ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት በ12 ጊዜ ግንኙነት ከቻይናውያን ሰዎች ጋር እየተጫወቱ የማንዳሪንን ድምፅ መለየት ሲማሩ፣ ያንኑ በቪዲዮ ያዩት ምንም አልተማሩም። ስልኩን አነሳሁት፤ ቅዳሜም እንጀራው ይዘገያል።

በአሥራ አምስት ወሯ ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ስንሄድ የገጠመን ሌላ ባለሙያ ነበር። ልጅቷ ቆማ፣ የጠረጴዛውን እግር ይዛ፣ «ደና ዋሉ» ለማለት ትታገል ነበር። «በቀን ስንት ሰዓት ታዋሪያታለሽ?» አለችኝ ባለሙያዋ። «እኔ ብቻዬን ነው የምትይኝ?» አልኳት። ካርዱ ላይ ያለው ቦታ ጠባብ መሆኑን አሳየችኝና፣ ሁለታችንም ሳቅን።