ተራራ ላይ ያለ ስፓ ገብቼ ያረፍኩበት መንገድ

ስፓውን የመረጥኩት በፎቶ አይደለም። ፎቶ ላይ የማያምር ስፓ የለም። ይልቅ ደውዬ ጠየቅኩ። ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር ላይ ነው? የመጨረሻው መንገድ በዝናብ ያስኬዳል? ሰው ቢታመም ቅርብ ያለው ሐኪም ጋር ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ስለ ጤናዬ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ሰውስ አለ? ስልኩን ያነሳችው ልጅ የመጨረሻዋን ጥያቄ ስትሰማ «ቅጽ አለን፤ ቅጹን ያልሞላ ሰው ሳውና አናስገባም» አለችኝ። ቀብዱን የከፈልኩት ያኔ ነው። ስለ ደም ግፊቴ የሚጠይቀኝ ቦታ፣ የሚያምር ገደል ከሚያሳየኝ ቦታ ይበልጥብኛል።

ከቡና መለያየቱን ቤቴ ጀመርኩት። እንዲህ ያሉ ቦታዎች አንዳንዶቹ ቡና አይሰጡም። አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ደግሞ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን መታመም ይጀምራል፤ በሁለተኛው ቀን ገደማ ይብስበታል። ከፍታውም ራስ ምታት ያመጣል። ሁለቱ ከተደራረቡ፣ ያመመኝ ቡናው ነው ተራራው ብሎ መለየት አይቻልም። መለየቱ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ቡናው ከሆነ ያልፋል፤ ተራራው ከሆነና እየባሰ ከሄደ መውረድ ነው። ስለዚህ መጠኑን ቀስ በቀስ ቀንሼ፣ ስሄድ ጨርሼ ትቼው ነበር።

የደረስኩበትን ቀን ባዶ አደረግኩት። እንግዳ መቀበያው ላይ «ዛሬውኑ ማሳጅና ሳውና ልያዝልዎት? ፓኬጁ ውስጥ አለ» አሉኝ። ነገ አልኩ። 2,500 ሜትር ላይ የኦክስጅኑ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይቀንሳል። ለከፍታ ያልለመደ ሰው ሊያቅለሸልሸው፣ ደረጃ ሲወጣ ሊያለከልክ፣ ሌሊት እንቅልፉ ሊቆራረጥ ይችላል። ሰውነት ከዚህ ጋር እየታገለ እያለ ሙቀት መጨመር ምን ያደርጋል? ውሃ ጠጣሁ፣ ግቢውን ዞርኩ፣ በጊዜ ተኛሁ። ባርኔጣዬንም አልረሳሁ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ ወደ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፤ የፀሐይዋ ጨረር ግን ይበረታል። ብርዱ ያታልላል።

ሳውናው በማግስቱ ሆነ። በእንጨት የተለበጠ ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞሜትር 80 ዲግሪ አልፏል። 80 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ሰው ይልጣል፤ 80 ዲግሪ አየር ግን ይቻላል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላብ ወዲያው ይተንና ቆዳን ያቀዘቅዛል። ነገሩ የሚለወጠው አስተናጋጇ የጋለው ድንጋይ ላይ አንድ ጭልፋ ውሃ ስታፈስ ነው። ቴርሞሜትሩ ንቅንቅ አላለም። እኔን ግን መጀመሪያ ጆሮዬን፣ ቀጥሎ የአፍንጫዬን ጫፍ ለበለበኝ። እንፋሎቱ ቆዳ ላይ አርፎ ተመልሶ ውሃ ሲሆን የያዘውን ሙቀት እዚያው ያራግፋል።

ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ የላይኛው አግዳሚ ከታችኛው በጣም ይሞቃል። እኔ ከታች ጀመርኩ። የአሸዋ ሰዓቱ 15 ደቂቃ ይቆጥራል፤ ልብ መሮጥ ወይም ራስ ማዞር ከጀመረ ግን አሸዋው አለቀ አላለቀ መውጣት ነው። አልኮል ጠጥቶ መግባት የማይታሰብ ነው። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመምተኛ፣ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ደግሞ «ሳውና መርዝ ያወጣል» የሚሉትን አትስሙ። ላብ በአብዛኛው ውሃና ጨው ነው። ደምን የሚያጸዱት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። ከወጣችሁ በኋላ ሚዛኑ ቀንሶ ብታዩም የቀነሰው ውሃ ነው፤ መልሳችሁ ጠጡት።

ቀጥሎ ቀዝቃዛው ውሃ መጣ። ዘልዬ አልገባሁም። ቅዝቃዜ ድንገት ሲነካን ሳናስበው ትንፋሽ ወደ ውስጥ እንስባለን፤ ልብ ይሮጣል፣ ግፊትም ይወጣል። ይሄ የሚሆነው ጭንቅላታችን ውሃ ውስጥ እያለ ከሆነ አደጋ ነው። የቀዝቃዛ ውሃ ሕክምናን ታዋቂ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ዜባስትያን ክናይፕ የተባለ ጀርመናዊ ቄስ ነው። ወጣት ሳለ ሳንባውን ታሞ፣ በክረምት ዳኑብ ወንዝ ውስጥ እየተነከረ እንደዳነ ያምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 እስኪሞት ድረስ ቮሪስሆፈን በምትባል የባቫሪያ መንደር ሰዎችን በውሃ ሲያክም ኖሯል። ከዘዴዎቹ አንዱ እስከ ጉልበት በሚደርስ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እግርን ከፍ እያደረጉ መራመድ ነው። እኔም ይህንኑ አደረግኩ። በየእርምጃው እግሬን ጨርሼ ከውሃው አወጣለሁ። ቅዝቃዜው መቆንጠጥ ሲጀምር ወጣሁ፣ ውሃውን በእጄ ጠርጌ ካልሲ አጠለቅኩና ተራመድኩ። ትንሽ ቆይቶ እግሬ ከውስጥ ጋለ። ከጠቅላላው ቆይታ በጣም የወደድኩት ይቺን ነው።

ስለ ማሳጅ ብዙ አልልም። አንድ ነገር ግን አለ፤ እያመመን ዝም ማለት ጨዋነት አይደለም። ባለሙያዋ «ግፊቱ ተስማማዎት?» ስትለኝ «ትከሻዬ ላይ ትንሽ ይቀንሱልኝ» አልኳት። ቀነሰች። ጡንቻዬ የተፈታው ከዚያ በኋላ ነው።

ስልኬን ካዝና ውስጥ አስቆለፍኩት። ይህን ማድረግ የቻልኩት ለቤተሰብ የስፓውን ቁጥር ሰጥቼ፣ ሥራ ቦታም ማንን መጠየቅ እንዳለባቸው ነግሬ ስለሄድኩ ነው። ይህ ካልተሰናዳ ስልኩ ቢቆለፍም ልብ እዚያው ነው። ከሰዓት በኋላው ይረዝማል፤ በተለይ መጀመሪያ ላይ። በእግሬ ጫካ ገባሁ። ጃፓን ውስጥ የመንግሥት የደን መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ሰው ለጤናው ብሎ ጫካ ውስጥ በዝግታ እንዲራመድ ያበረታታል። ጫካው ውስጥ ሆኖ ለምን እንደሆነ ይገባል። የትም ለመድረስ አይቸኮልም።

ስመለስ የማግስቱን ቀን ያለ ቀጠሮ ተውኩት። ከተራራ ወርዶ በቀጥታ ስብሰባ መግባት ለእኔ ያገኙትን መልሶ መጣል ነው። ከመውጣቴ በፊት አስተናጋጇን «ሳውና ቤቴ የለኝም፤ ከዚህ የትኛውን ልቀጥል?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። ሻወር ስጨርስ ቀዝቃዛውን ከፍቼ፣ ከእግር ጣቴ ጀምሬ እስከ ጉልበቴ እንዳፈስ መከረችኝ። ጠዋት ጠዋት አደርገዋለሁ፤ ካልሲውንም አልተውኩም።