ቢጫ ገዝቼ አረንጓዴ ያሳደግሁት ዘንዶ

ሜሪላንድ ውስጥ ባለው መኖሪያዬ አረንጓዴ የዛፍ ዘንዶ ለማሳደግ ስነሣ ከሁሉ አስቀድሜ የቆረጥኩት ነገር ከጫካ የተያዘ እንዳልገዛ ነበር። የዚህ እባብ አገሩ ኒው ጊኒ፣ በዙሪያዋ ያሉ ደሴቶችና የአውስትራሊያው ኬፕ ዮርክ ነው። በ2011 የወጣ ጥናት ከኢንዶኔዥያ «በእርባታ የተገኘ» እየተባለ ከሚላከው ቢያንስ 80 በመቶው ከዱር የተለቀመ መሆኑን አጋልጧል። ከዱር የመጣው ጥገኛ ትላትል ይዞ፣ ተጎሳቁሎ ስለሚደርስ ብዙ ጊዜ ምግብ አልነካም ይላል። ዋጋው ቢከብድም እዚሁ አሜሪካ የተፈለፈለ፣ መብላት መጀመሩን አርቢው በመዝገብ ያሳየኝን መረጥኩ።

ከእርሳስ ብዙም ያልወፈረ ደማቅ ቢጫ ነበር። እናቴ በስልክ ስትሰማ «እባብ ያየ በልጥ ይበረያል፤ አንተ ጭራሽ ገንዘብ ከፍለህ ታስገባለህ?» አለችኝ። መርዝ የለውም ብላትም አልተጽናናችም፤ ደግነቱ ስለ ረጃጅም የፊት ጥርሶቹ አልነገርኳትም።

የሳጥኑን አንድ ጫፍ በቴርሞስታት (ሙቀት መቆጣጠሪያ) 30 ዲግሪ፣ ሌላውን 25 ገደማ አድርጌ ያዝኩ። የዝናብ ደን እንስሳ ነው ተብሎ ቀን ከሌት ማርጠብ ግን የሳንባ በሽታ ያመጣበታል። ማታ ውኃ እረጫለሁ፤ በተጠቀለለው ሰውነቱ ላይ ያቆረውን ጠብታ ይጠጣል፤ በማግሥቱ ሳጥኑ እንዲደርቅ እተወዋለሁ።

ትዕግሥት የሚጠይቀው ማብላቱ ነው። ቀን የሰጠሁትን ዞር ብሎም አላየውም፤ የእኔው የሚያድነው ሌሊት ነው፣ ከንፈሩ ላይ ያሉት ጉድጓዶችም ሙቀት ይለያሉ። ስለዚህ መብራት አጠፋለሁ፤ በረዶው የለቀቀውን ትንሽ አይጥ በሙቅ ውኃ አሙቄ በረጅም ጉጠት ፊቱ ላይ ቀስ እያልኩ አወዛውዛለሁ። ቀድማ የምትነቃው የጅራቱ ጫፍ ናት፤ እንደ ትል ትጥመለመላለች፤ በጫካ እንሽላሊት የሚያማልለው በእርሷ ነው። ከዚያ አንገቱን አጥፎ ወደ ኋላ ይሰበስባል። አሁን እጅ መንቀጥቀጥ የለበትም። አንዴ ከያዘ በኋላ ጉጠቱን ለቅቄ ከክፍሉ እወጣለሁ፤ ቆሜ ካየሁት አይጡን ይጥለዋል።

ግልገሉን ከእንጨቱ መንቀል አከርካሪውን ሊጎዳ ስለሚችል ማረፊያውን አልቸነከርኩትም፤ ሳጥኑን ሳጸዳም ሆነ ስመዝነው እንጨቱን ከነእባቡ አነሣለሁ።

ዓመት ሊሞላው ሲል ቆዳውን ሳይገፍ ከቢጫው መካከል አረንጓዴ ይፈነጥቅ ጀመር። ኬፕ ዮርክ ላይ የተጠኑት ዘንዶዎች ቀለም የሚለውጡት ርዝመታቸው ከግማሽ ሜትር ጥቂት ሲያልፍ ነው፤ ያን ጊዜ ብርሃን ከሚገባበት የጫካ ዳር ወደ ዛፎቹ አናት ይወጣሉ። የእኔው ከዚያ ወዲህ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ይበላል። ዓይኑ ሁልጊዜ የተራበ ይመስላል፤ እሺ ብሎ ደጋግሞ የሚሰጠው ግን ያወፍረዋል፤ ቀኑን ሙሉ ከእንጨቱ ንቅንቅ ለማይል ፍጥረት ውፍረት ደኅና ነገር አይደለም።