ቀንድ አውጣ ይዘን አራት ኪሎ

ነሐሴ ላይ ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ወይ የሐኪም ቀጠሮ አለው ወይ የኤምባሲ። እኛ ቀንድ አውጣ ይዘን መጣን። ጓደኛዬ ጅማ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ቡና ጫካ ውስጥ ከረገፈ ቅጠል ሥር የለቀመቻቸው ቡናማ ቀንድ አውጣዎች ከምታውቃቸው ከአንዱም ጋር አልገጥም ስላሏት፣ አራት ኪሎ ያሉት የድሮ መምህሯ አንዴ ዓይናቸውን እንዲጥሉባቸው ፈለገች። እኔ ሻንጣ ተሸካሚ ነኝ። ከተማ ለማየትም ሰበብ አላጣሁም።

ፒያሳ አደርንና ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል በራስ መኮንን ድልድይ በኩል በእግር ወጣን። ሽቅብ ነው፣ ግን ከታክሲ ሰልፍ ይሻላል። ጓደኛዬ የምታየው ሌላ ነገር ነው፤ እርጥብ የድንጋይ አጥር ባገኘች ቁጥር ጎንበስ ትላለች፣ ሰው ደግሞ ገንዘብ የጣለች መስሎት አብሯት ይፈልጋል።

የዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ላይ የጥበቃው አባት ቦርሳውን ከፍተው ብልቃጦቹን አዩ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቀንድ አውጣ ነው አባባ። ለጥናት ነው።»

«እኛ ጓሮ ሞልቶ የለም እንዴ! ይሄን ለማምጣት ነው ከጅማ ድረስ?»

ሳቁና አስገቡን። እውነታቸውን ነው፤ ለብዙዎቻችን ቀንድ አውጣ ክረምት ሲገባ ጎመን የሚጨርስ ፍጥረት ነው፣ በቃ። በአገራችን ሳይንስ ስሙ በደንብ የተነሳው አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው፣ እንዶድን ለቢልሃርዚያ መከላከያ ሲያጠኑ ነው። እነዚያ ግን የወንዝ ናቸው። የየብሶቹ ብዙም ጠያቂ የላቸውም።

ዶክተሩ (ሁላችንም ዶክተር ነው የምንላቸው) ሻይ እንኳን ሳያስቀርቡ ማይክሮስኮፑ ሥር አንዱን ዛጎል አስቀመጡ። ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ እኛ። አፉ በቀኝ በኩል ከዋለ ቀኝ ዞር ነው፣ በግራ ከሆነ ግራ ዞር። ይሄኛው ቀኝ ነው። ቀጥሎ ከጫፉ ጀምሮ ጥምዝምዙ ስንት ጊዜ እንደዞረ መቁጠር፣ ቁመትና ስፋቱን መለካት፣ የአፉን ከንፈር ማየት። ከንፈሩ ወፍሮ ወደ ውጭ ከተገለበጠ፣ በዚህ ወገን፣ ያደገ ነው ማለት ነው። ቀጭን ከሆነ ገና ልጅ ነው፤ በልጅ ዛጎል ላይ ተመሥርቶ አዲስ ዝርያ ማለት ደግሞ ችግር መጥራት ነው።

«ሴራስቱስ ይመስላል» አሉ። በኢትዮጵያ ደጋ የተለመደ ወገን ነው። «አካሉስ የታለ?»

እዚህ ጋ ጓደኛዬ ኮራች። ቀንድ አውጣ በሕይወቱ አልኮል ውስጥ ከተጣለ ተኮማትሮ ዛጎሉ ውስጥ ይደበቃል፣ ከዚያ በኋላ ምንም አይታይም። ስለዚህ መጀመሪያ አየር በሌለው ውኃ በተሞላ ብልቃጥ ውስጥ አሳድራ፣ ተዘርግቶ ሲሞት ነው ወደ አልኮሉ ያዛወረችው። ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ዛጎል ያታልላል። የማይዛመዱ ቀንድ አውጣዎች አንድ ዓይነት ዛጎል ሊያወጡ ይችላሉ፤ ብዙውን ጊዜ የሚለያቸው የመራቢያ አካላቸው ነው። እሱም ቀላል አይደለም፤ አብዛኞቹ የየብስ ቀንድ አውጣዎች ወንድም ሴትም በአንድ አካል ናቸው። ዶክተሩ በቀጭን መቀስ ሲከፍቱት እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው እኔን የገረመኝ ነው። ስለ ጫካው ማንም ብዙ አልጠየቀም፤ ቀኑን ሙሉ ያወራነው ስለሞቱ ሰዎች ነው። ካርል ዪኬሊ እ.ኤ.አ. በ1874 የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን ቀንድ አውጣዎች በጀርመንኛ ጻፈ። ፈረንሳዊው ቡርጊኛ ደግሞ በ1883 ሌላ ሰው ከአቢሲኒያ የሰበሰበለትን ይዞ በፈረንሳይኛ ጻፈ። ይሄ ቡርጊኛ የሚባለው ሰውዬ ትንሽ ልዩነት ባየ ቁጥር አዲስ ስም ያወጣ ነበር። በኋላ የመጡት ስንቱን ስም አንድ ዝርያ ነው እያሉ ሲያዋህዱ ኖሩ። የጓደኛዬም ቀንድ አውጣ ምናልባት ድሮ ተሰይሞ ተረስቶ ይሆናል። ያንን ለማወቅ ስሙ የቆመበትን ዋና ናሙና፣ ሆሎታይፕ የሚሉትን፣ ማየት ያስፈልጋል። የቡርጊኛ ስብስብ ያለው ጄኔቫ ነው። የጅማን ቀንድ አውጣ ማንነት ለማወቅ ስዊዘርላንድ መጠየቅ አለብን ማለት ነው። ትንሽ ያናድዳል።

አዲስ ከሆነስ? የላቲን ስም ታወጣለታለች፣ ልዩነቱን ጽፋ ታሳትማለች፣ አንዱን ናሙና ሆሎታይፕ ብላ ሙዚየም ታስቀምጣለች። በኢንተርኔት ብቻ ማሳተም እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ተፈቅዷል፤ ዞባንክ በሚባለው የእንስሳት ስሞች መዝገብ ላይ መመዝገብ ግን ግዴታ ነው። ስሙን በምርጫ ያወጡም አሉ። ብሩናይ ጫካ ውስጥ ከሳይንቲስቶች ጋር ለጉብኝት የሄዱ ሰዎች ያገኟትን 2 ሚሊሜትር የምታህል ቀንድ አውጣ እ.ኤ.አ. በ2020 ድምፅ ሰጥተው በአየር ንብረት ተሟጋቿ በግሬታ ቱንበርግ ሰየሟት፤ ድርቅና ሙቀት አትችልም ብለው።

«አንቺስ በማን ልትይው ነው?» አልኳት።

«በእማዬ።»

«መጀመሪያ ያደጉ ናሙናዎች ጨምሪ» አሉ ዶክተሩ ቀና ሳይሉ። «የያዝሽው ግማሹ ልጅ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ ተመለሺና ልቀሚ።»

ከሰዓት በኋላ እዚያው ግቢ ያለውን የእንስሳት ሙዚየም አየን። የታሸጉት ትልልቅ እንስሳት ፊት ሰው ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ እኔም ተነሳሁ። ከዚያ ሚያዝያ 27 አደባባይ አጠገብ ሽሮ አዘን ተቀመጥን። ዝናቡ እንደገና ወረደ። እሷ በአንድ እጇ እየጎረሰች በሌላው ለጄኔቫ ኢሜይል ትጽፋለች፤ የሆሎታይፑን ፎቶ ከአራት አቅጣጫ፣ ከመለኪያ ጋር እንዲልኩላት። እንግሊዝኛውን አርምልኝ ብላ ስልኩን ሰጠችኝ፣ «በትህትና» የሚለው ሦስት ቦታ ስለነበረ ሁለቱን አወጣሁና ላክነው።