ሬዚን የምትሞርዱ ሰዎች ብናኙን ተጠንቀቁ

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የኤፍ-5ኢ ተዋጊ ጄት ተገጣጣሚ ሞዴል ነው፣ 1/48 (ከእውነተኛው 48 ጊዜ ያነሰ)፣ ያው በ1969 ክረምት ኦጋዴን ላይ የተዋጉት የኛዎቹ፣ እና ኮክፒቱን (የአብራሪውን ክፍል) በሬዚን፣ ማለትም ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ፈስሶ በሚደርቅ ሙጫ መሰል ነገር በተሰራ፣ ቀይሬዋለሁ። ከኪቱ (ከተገጣጣሚው ሞዴል ፓኬት) ፕላስቲክ ጋር በጭራሽ አይወዳደርም፣ የመቀመጫው ቀበቶ ሳይቀር አብሮ ተቀርጾ ነው የሚመጣው። ግን ከስሩ ወፍራም ትርፍ ሬዚን ይዞ ይመጣል፣ ሞልዱ ውስጥ ሲፈስ የቀረ ነው፣ እሱን በመጋዝ ቆርጣችሁ የቀረውን ሞርዳችሁ ነው ወደ ስራ የምትገቡት፣ ጣጣው እዛ ጋ ይጀምራል።

ብናኙ በጣም ደቃቅ ነው። አየር ላይ ይቆያል፣ ሳንባ ድረስ ይገባል። ከኮቪድ የተረፈችው ሰማያዊ ማስክ በጎንና በጎን ክፍት ስለሆነች ለዚህ አትሆንም፣ ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 የሚል የተጻፈበት ፈልጉ፣ ፊት ላይ ግጥም ማለት አለበት (ጺማሞች፣ ይቅርታ፣ እናንተ ላይ አይገጥምም)።

ከማስኩም በላይ ግን ውሃ ነው የሚያድነው። ውሃ የሚችለውን ጥቁር የብርጭቆ ወረቀት ሳህን ውስጥ እየነከራችሁ ከሞረዳችሁ ብናኙ ጭራሽ አይነሳም። ሳህኑ የዚህ ስራ ብቻ ይሁን፣ ወደ ኩሽና እንዳይመለስ። እዚህ አራት ኪሎ እንደኔ መኝታውም ስራውም አንድ ክፍል የሆነበት ሰው፣ ክረምት ላይ ደግሞ መስኮቱ ዝግ የሆነበት፣ በደረቁ መሞረድ ማለት ማታ እዛው ብናኝ ውስጥ መተኛት ማለት ነው። ሲጨርሱ እፍ ማለት የለም፣ መጥረጊያም የለም፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥርግ። በሞተር የሚሽከረከረውን መሞረጃ ቤት ውስጥ ባትነኩት ይሻላል።

ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ለብ ባለ ውሃና በላርጎ እጠቡት፣ ከሞልዱ እንዲላቀቅ የተቀባው ቅባት ካልወጣ ቀለሙ ይላጣል። የፕላስቲክ ኪት ማጣበቂያ ሬዚን ላይ አይሰራም፣ እሱ ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው የሚያያይዘው፣ ስለዚህ ሱፐር ግሉ ነው። ሱፐር ግሉ ከፈሰሰ በጥጥ ወይም በጥጥ ልብስ እንዳትጠርጉት፣ ከጥጥ ጋር ሲገናኝ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል፣ ሽታውም ዓይን ይቆጠቁጣል።

በስሪዲ ፕሪንተር የታተመ ሬዚን ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ገና ያልደረቀ ከሆነ፣ ማለትም ነካ ስታደርጉት የሚያጣብቅ ከሆነ፣ ያለ ናይትሪል ጓንት አትንኩት፣ ደጋግሞ ቆዳ ከነካ አለርጂ ያመጣል፣ አንዴ ከያዘ ደግሞ አይለቅም። ያጠባችሁበትን አልኮል ቱቦ ውስጥ አትድፉት። ለማድረቅ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ሆነን የዩቪ (ሬዚኑን የሚያደርቀው የማይታይ የፀሐይ ጨረር) ችግር የለብንም። ዝናብ ከሆነ የጥፍር ማድረቂያዋ መብራትም ትሰራለች፣ ቤት ውስጥ ያላት እህት ካለቻችሁ ለምናችሁ ተዋሱ፣ ከስሩ ግን ፎይል አንጥፉ።