«ለምን ተሠራ?» እያልኩ የሞላሁት ደብተር

ባለፈው ሳምንት የንድፍ ደብተሬ 100ኛው ሥራ ላይ ደረሰ። ደስ ብሎኛል፤ የምጽፍላችሁም ለዚሁ ነው። የሥነ ጥበብን ታሪክ በራሴ መማር ከጀመርኩ 11 ወር ሞላኝ። ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለት ገጽ እሰጣለሁ። በቀኙ ገጽ ሥራውን እያየሁ በእርሳስ እነድፈዋለሁ። በግራው ደግሞ ለምን እንደተሠራ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ወራት በአጭሩ ልለፋቸው። ሬኔሳንስ፣ ባሮክ፣ ኢምፕሬሽኒዝም እያልኩ የዘመናቱን ስም ሸመደድኩ። ስሙ አፌ ላይ ቀረ፤ ሥዕሉ ግን ከዓይኔ ጠፋ። ጀማሪ ከዚያ አይጀምር። በዚህ ጉዳይ አቋሜ ጠንካራ ነው።

«ለምን?» የሚለው ጥያቄ ይሻላል ብዬ በእሱ ጀመርኩ። በመጀመሪያ ቀላል መሰለኝ። ከግብፅ መቃብር የወጣ ሐውልት፦ ለሙታን። የሮም ሳንቲም ላይ ያለ የቄሣር ፊት፦ ለሥልጣን። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል፦ ለጸሎት፣ ማንበብ ለማይችልም ትምህርት። እንዲህ በአጭር በአጭሩ እየመለስኩ 30 ሥራ ያህል ጨረስኩ።

የዋሻ ሥዕል ላይ ስደርስ ግን ተገተርኩ።

ላስኮ የሚባለው የፈረንሳይ ዋሻ የተገኘው በ1940 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሥዕሎቹ 17 ሺህ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። ፈረስ፣ የዱር በሬና አጋዘን ሞልቶባቸዋል። እኔም በግራው ገጽ «አደን እንዲቀናቸው» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ሐሳብ ከፈረንሳዊው ተመራማሪ ከአንሪ ብሮይ ዘመን ጀምሮ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ኖሯል። እንስሳውን ከሳልከው በእጅህ ይገባል እንደማለት ነው።

ቀጥሎ ስለ አጥንቶቹ አነበብኩ። በዋሻው ከተገኘው የእንስሳ አጥንት አብዛኛው የሬንዲር ነው፤ ሬንዲር የብርድ አገር አጋዘን ነው፤ ከላይ ካልኩት አጋዘን ይለያል። ግድግዳው ላይ ካሉት በመቶዎች የሚቆጠሩ እንስሳት መካከል ግን ሬንዲር የሚባለው አንድ ብቻ ነው። ዋናው ምግባቸው ከሥዕሉ የለም ማለት ይቻላል። በ1994 የተገኘው ሾቬ የሚባለው ዋሻ ደግሞ በዕድሜ የላስኮን እጥፍ ያህላል። እዚያ አንበሳና አውራሪስ በብዛት ተስለዋል። አንበሳ ለምግብ የሚታደን እንስሳ አይደለም።

ደብተሩን ለሦስት ሳምንት ዘጋሁት። «አደን» የሚለውን ሰርዤ «አምልኮ» ብዬ ነበር። እሱም አልዋጥልህ አለኝ። ሳላውቅ ያወቅሁ የሚያስመስለኝ ቃል ነው።

ከዚህ ያወጣኝ ኩራዝ ነው። ላስኮ ውስጥ ከድንጋይ የተጠረበ ኩራዝ ተገኝቷል። የዚያ ዘመን ኩራዞች የሚነዱት በእንስሳ ስብ ነበር። እኔም አንድ ማታ መብራቱን አጠፋሁ። ወፍራም ወረቀት አጨማድጄ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። በአንድ እጄ ኩራዝ፣ በሌላው ከሰል ይዤ ፈረስ መሳል ጀመርኩ።

ብርሃኑ ከክንድ ርቀት ብዙም አያልፍም። ጭንቅላቱን ስስል ጅራቱ ጨለማ ውስጥ ነው። ነበልባሉ ሲወዛወዝ ወረቀቱ ያበጠበት ቦታ ጥላው ይንቀሳቀሳል። ፈረሱ የሚተነፍስ ይመስላል። በስፔኑ አልታሚራ ዋሻ ባይሰን የሚባሉት ጠጉራም የዱር በሬዎች የተሳሉት የጣሪያው ድንጋይ እብጠት ላይ መሆኑን ቀድሞም አንብቤ ነበር። ያን ማታ ግን በዓይኔ ያየሁት ያህል ሆነልኝ።

ሙከራዬ የእነዚያን ሰዎች እምነት አልነገረኝም። ጥያቄዬን ግን ቀየረው። «ለምን?» ከማለቴ በፊት «የት ነው ያለው? ስንት ሰው አብሮ ያየዋል? በምን ብርሃን?» ማለት ጀመርኩ። ከዚያ ወደ ላስኮ ካርታ ተመለስኩ። መግቢያው አካባቢ ሰፊ አዳራሽ አለ። ከተሳሉት በሬዎች አንዱ ብቻውን ከ5 ሜትር ይበልጣል፤ ብዙ ሰው ቆሞ ሊያየው ይችላል። ሌላ ቦታ ደግሞ ተወርዶ የሚገባበት ጠባብ ጉድጓድ አለ። እዚያ ያለው የወፍ ራስ ያለው ሰውና አንጀቱ የተዘረገፈ ባይሰን ነው። ኩራዙም የተገኘው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ስህተቴ ያኔ ገባኝ። «የዋሻ ሥዕል» ብዬ ሁሉንም አንድ ሥራ አድርጌው ነበር። አዳራሹና ጉድጓዱ ግን አንድ ዓላማ ነበራቸው ብሎ ለመናገር ምንም ማስረጃ የለኝም።

ከዚያ የድሮ ገጾቼን መፋቅ ጀመርኩ። የግብፁ ሐውልት ሰው እንዳያየው ተዘግቶበት የነበረ ነው። የሮሙ የንጉሠ ነገሥት ትራያን ዓምድ በ113 የተመረቀ የድል መታሰቢያ ነው። ዓምዱ ላይ የተቀረጸው ምስል ግን ዙሪያውን እየተጠማዘዘ 30 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። መሬት ላይ የቆመ ሰው የላይኛውን ለይቶ አያየውም። ለመታየት ብቻ ነው የተሠራው ማለት ታዲያ ይከብዳል።

ዓላማ ደግሞ መንገድ ላይ ይቀየራል። የሠዓሊውን የፒካሶን «ጌርኒካ» የተባለ ሥዕል ውሰዱ። የስፔን ሪፐብሊክ መንግሥት ለ1937ቱ የፓሪስ ኤግዚቢሽን ሥዕል አዘዘ። በሚያዝያ ወር የስፔኗ ጌርኒካ ከተማ በቦምብ ተደበደበች፤ ሥዕሉም የእሷ ጩኸት ሆነ። ኋላ ለስፔን ስደተኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ አገር ላገር ዞረ። ወደ ስፔን የገባው በ1981 ነው። በዛሬዋ ናይጄሪያ የነበረው የቤኒን መንግሥት የነሐስ ሰሌዳዎችም የቤተ መንግሥት ምሰሶ ላይ የንጉሡን ታሪክ የሚናገሩ ነበሩ። በ1897 የእንግሊዝ ጦር ዘርፎ ወሰዳቸውና የሙዚየም ዕቃ ሆኑ። ዛሬ ደግሞ ስለ መመለስ በሚደረገው ክርክር ዋና ማስረጃ ናቸው።

ምክሬ ይህን ያህል ነው። መጀመሪያ ንደፉት፤ ንድፉ ባያምርም ግድ የለም። እጅ የሚያስተውለውን ዓይን ዘሎት ያልፋል። ሥዕሉ ሥር ያለውን ማብራሪያ በኋላ አንብቡ። እውነቱን ለመናገር እኔም ይህን ሁልጊዜ አላደርገውም። ሲደክመኝ ማብራሪያውን ቀድሜ አነባለሁ፤ ያን ቀን የምጽፈው የሌላ ሰው ሐሳብ ነው። በአንድ ቃል የቀሩ 20 ገጾችም እስካሁን አሉኝ። ረቂቅ ሥዕሎችን፣ ማለትም የሚታወቅ ነገር የማያሳዩትን፣ ደግሞ ሸሽቻቸዋለሁ። ከ100ው ውስጥ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ላይ የጻፍኩት አያረካኝም።

101ኛው በኢንዶኔዥያ ሱላዌሲ ደሴት ያለ የእጅ ምልክት ነው። አንድ ሰው ቢያንስ ከ39 ሺህ ዓመት በፊት እጁን ድንጋይ ላይ አኑሮ ዙሪያውን ቀለም ነፍቶበታል። የቀኙን ገጽ የራሴን እጅ አስቀምጬ በዚያው መንገድ ሠራሁት። በግራው ገጽ ገና ቦታውን ብቻ ነው የጻፍኩት። በኩራዝ ብርሃን ሥላችሁ የምታውቁ ካላችሁ ግን ያያችሁትን ንገሩኝ።