«እንግሊዝኛውን ካወቅን ማንበብ ምን ያስቸግራል?» ለምትሉኝ የጎንደር ልጆች

ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ልትወጡ ሽር ጉድ የምትሉ የከተማዬ ልጆች በስልክ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ይህንኑ ነው። የሚያስቸግረው ቋንቋው አይደለም። አገር ቤት አንደኛ ሲወጣ የኖረ ልጅ የመጀመሪያ ጽሑፉ «ይህ ማጠቃለያ እንጂ ትንታኔ አይደለም» ተብሎበት ሲመለስ አንገቱን ይደፋል። ሌሊቱን አንብቦ ደራሲው ያለውን አንድ ሳያስቀር ጽፏል። የተጠየቀው ግን ደራሲው ያለውን በምን እንዳስደገፈው ነበር።

ክፍል ውስጥ የማሠራውን ላሳያችሁ። «የጎንደርን ግንብ የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው» የሚል አንቀጽ ያዙ። መጀመሪያ ያለ እርሳስ አንብቡና ዋናውን አቋም በራሳችሁ ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። በሁለተኛው ንባብ ማስረጃው ላይ ብቻ አስምሩ። ብዙ ጊዜ የሚሰመርበት ይጠፋል፤ የሚገኘው «እንደሚታወቀው» ብቻ ነው። በሦስተኛው ኅዳጉ ላይ ያልተነገረውን አስፍሩ፦ ዐፄ ፋሲል ፖርቱጋሎች የነበሩባቸውን የካቶሊክ ሚስዮናውያን ያስወጡት ጎንደርን በ1636 እ.ኤ.አ. ከመቆርቆራቸው በፊት ነው፤ ታዲያ ግንበኞቹ እነማን ነበሩ? እዚህ ላይ የእኛ ልጅ ለአገሩ ይቆጭና «ውሸት ነው!» ብሎ ይዘጋዋል። ሚስዮናውያን ወጡ ማለት ግን አንድም የውጭ ባለሙያ አልቀረም ማለት አይደለም። ማስረጃው እስካደረሳችሁ ድረስ ብቻ ሂዱ።

ይህ ለእኛ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። የቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» ተብሎ በሁለት ወገን የተለየባት ከተማ ልጆች ነን፤ መምህሩ «አንድም» እያሉ አንዱን ንባብ በሁለት በሦስት መንገድ ይፈቱታል። ዘመናዊው ክፍል ግን ደብተር መሸምደድ አስለመደን። የፈረንጁም ልጅ ቢሆን ገና ገጹን ሳይጨርስ እጁን አውጥቶ «አልስማማም» ይላል፤ መተቸት ማለት መንቀፍ ይመስለዋል።

ቪዛ እስኪመጣ ቁጭ አትበሉ። በየሳምንቱ አንድ ርእሰ አንቀጽ ምረጡና አንድ አንቀጽ ጻፉበት፦ የራሳችሁ አቋም፣ ከአንድ መስመር ያልበለጠ ጥቅስ፣ ከዚያ ጥቅሱ አንባቢን እንዴት እንደሚያሳምን ወይም የት ላይ እንደሚላላ የሚያስረዱ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች። ማርኩ ያለው እነዚህ ሦስቱ ላይ ነው፤ የእኛ ልጆች የሚዘልሉትም እነዚህኑ ነው። አገር ቤት ጎበዝ ያስባለን ቃል በቃል መገልበጥ እዚህ ስርቆት ነው፤ ከትምህርት እስከ መባረር ያደርሳል። የሰው ዓረፍተ ነገር ስትወስዱ ትምህርተ ጥቅሱን አድርጉ፤ የገጹንም ቁጥር ያኔውኑ መዝግቡ፤ በማስረከቢያው ሌሊት ተፈልጎ አይገኝም።