ሦስት ቀን በጫፉ የዘፈንኩበት ማይክ

ኮንደንሰር ማይክ፣ ያ ስቱዲዮ ውስጥ ለመቅዳት የሚጠቀሙበትን ስስ ድምፅ የሚይዝ ማይክ፣ ከገዛሁ አራት ወር ሆነኝ። ከዚያ በፊት የማውቀው ጓደኛዬ ጋ ያለውን ኤስኤም 58 የሚባለውን የመድረክ ማይክ ብቻ ነው። እሱን ከንፈሬ ላይ ለጥፌ መዝፈን ለምጄ ነበር፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚሁ ልማድ ነው።

ልቤ የነበረው ሮድ ኤንቲ1 የሚባለው ኮንደንሰር ላይ ነው። ማይኩ ራሱ የሚያወጣው "ሽሽሽ" 4.5 ዴሲቤል ብቻ ነው። ኪሴ የቻለው ግን ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ2020ን ሆነ፣ የዚህኛው 20 ነው። ቀስ ብሎ ለሚዘፍን ሰው ልዩነቱ ይሰማል፤ እኔ ግን ጮክ ብዬ ነው የምዘፍነው፣ ደግሞ የቤቴ ጫጫታ ከማይኩ ሽሽታ ይብሳል። ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ ይዛልኝ መጣች።

የመጀመሪያው ቀን ጭጭ አለ። ኬብል ቀየርኩ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፣ "ተበላሁ" ብዬ ልጅቷ ጋ ልደውል ስል ሳውንድ ካርዱ (ማይኩን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘው ሳጥን) ላይ 48 ቮልት የምትል ቁልፍ አየሁ። ለካ ይሄ ማይክ መብራት ካልሰጡት አይሠራም።

ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ እንደ መድረክ ማይክ በጫፉ ዘፈንኩበት። ድምፄ ከብርድ ልብስ ስር የሚወጣ ይመስላል። ፊቱ ለካ በጎኑ ነው፣ አርማው ባለበት በኩል። ሳቁብኝ።

ፊቱን ካገኘሁ በኋላ ደግሞ ቤቴን ሰማሁት። የፍሪጅ ማጉረምረም፣ ከታች "ቁራሌው!"፣ ከሁሉ በላይ ግን የኮንዶሚኒየሙ ባዶ ግድግዳና የሴራሚኩ ወለል ድምፄን መልሰው ሲያንባርቁት። የእንቁላል ካርቶን ለጠፍኩ፤ ክፍሉን አስቀያሚ ከማድረግ በቀር እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አላመጣም። የሠራልኝ ጋቢ ነው። ማይኩ በጀርባው ብዙም አይሰማም፣ ስለዚህ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጠሁት። በፊቱ የሚያየው እኔንና ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ ስለሆነ፣ ሁለት ጋቢ ደርቤ ከኋላዬ ሰቀልኩ። ማንባረቁ ያኔ ረገበ።

ርቀቱ ነው ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ። አሁን በስንዝር ነው የምለካው። ከስንዝር ስጠጋ ድምፄ ይወፍራል፣ ያምራልም፣ ግን ቃሉ ይታፈናል። "ፍ" ደግሞ ጠላቴ ሆነች። አማርኛ ዘፈን ውስጥ "ፍቅር" የሌለበት ስንኝ ፈልጋችሁ አምጡ እስቲ! በየ"ፍቅሩ" ትንፋሼ ማይኩን ይመታዋል። የሽቦ ማንጠልጠያ አክብቤ ስቶኪንግ ወጠርኩበት፣ አፌንም ትንሽ ወደ ጎን አዘነበልኩ፣ በቃ።

ትዝታ ስቀዳ ዝቅ ያለው ቅላጼ ላይ እጠጋለሁ፣ ከፍ ሲል ግማሽ ስንዝር ወደ ኋላ እላለሁ። ጌይኑን (የማይኩ ድምፅ ምን ያህል እንደሚጎላ የሚወስነውን ቁልፍ) የማስተካክለው በጣም የምጮህበትን ቦታ አስቀድሜ ዘፍኜ ነው፤ ድምፅ መሰንጠቅ ከሚጀምርበት ከዜሮ በታች 10 ዴሲቤል አካባቢ ሲደርስ እተወዋለሁ። በፊት ቀዩ መብራት እስኪበራ ካልከፈትኩት ደስ አይለኝም ነበር፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ ምንም ቢሉት አይጠገንም።

ትናንት ከሰዓት የቀዳሁትን በሄድፎን ስሰማ ሦስተኛው ስንኝ ላይ የጎረቤት ቡና ይወቀጣል። ልደግመው ነበር። ሙቀጫው ግን ምቱን ጠብቆ ስለገባ ተውኩት።